ድምፅ የጠፋበት ሣጥን

፩ የውሰት ዕቃ

ሰው ዕቃው በደኅና ሲያገለግለው ዕቃውን ይረሳዋል። በተበላሸበት ቀን ግን ወይ በቍጣ ይጥለዋል፥ ወይ ሳያውቅ ይነካካውና ጨርሶ ያጠፋዋል። ብልህ ሰው እንዲህ አያደርግም። ብልህ ሰው አስቀድሞ፥ «ስለ ምን ተበላሸ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ምክንያቱን ካገኘ በኋላ መሣሪያውን ያነሣል።

ይህ ትምህርት የሚናገረው ስለ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ነው። ስፋቷ የትንሽ ጣት ያህል እንኳ አይደለም። ነገር ግን በእርስዋ ምክንያት የአንድ ቤተ ሰብ እንጀራ ሊጓደል፥ የሁለት ወዳጆችም መተማመን ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶ ነበር።

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሐይቅ ዳር የተቆረቆረች፥ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ናት። ታቦር የሚባለው ተራራ በከተማይቱ አጠገብ ቆሟል። ወደ ላይ የወጣ ሰው ሐይቁን፥ የዛፎቹን ጥላና የቤቶቹን ጣራ በአንድነት ይመለከታል። በተራራው ስም የሚጠራ ታቦር ክፍለ ከተማም አለ። በዚያ ሰፈር ቀን ቀን የባጃጅ ድምፅ፥ ማታ ማታ ደግሞ ከየቤቱ የክራርና የጊታር ድምፅ ይሰማል።

በዚህ ሰፈር ሁለት ወዳጆች ነበሩ። ታላቁ ጊታር መቺ ነው። አባቱ ስለ ሞቱ፥ በየሰርጉ ቤት እየተጠራ በሚያገኘው ገንዘብ እናቱንና ሁለት እኅቶቹን ይረዳል። ታናሹ ገና ተማሪ ነው፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጊታር መምታት ይለማመዳል። ታላቁ ከጊታሩ ጋራ የሚያገናኛት አንዲት ትንሽ ሣጥን አለችው። ሙዚቀኞች ኢፌክት ይሏታል። ከፕላስቲክ የተሠራች፥ በአንድ እጅ የምትያዝ፥ በባትሪ ድንጋይም የምትሠራ ስለ ሆነች ወደ የትም ይዟት ይሄዳል። የጊታሩ ድምፅ በእርስዋ ውስጥ ሲያልፍ መልኩን ይለውጣል፤ አንዳንድ ጊዜ በገደል ውስጥ እንደ ተጮኸ ያስተጋባል፥ አንዳንድ ጊዜ ይሻክራል፥ አንዳንድ ጊዜም ብዙ ጊታሮች ባንድነት የተመቱ ያስመስላል።

በአንድ ሐሙስ ቀን ታናሹ ሣጥኒቱን ለመነው። ታላቁም፥ «ውሰዳት፤ ነገር ግን ቅዳሜ ሰርግ አለብኝና ዓርብ ማታ መልስልኝ» ብሎ ሰጠው።

፪ ችኮላ ያመጣው ጥፋት

ያን ማታ ልጁ ጊታሩን በአንገቱ አንግቶ፥ ሣጥኒቱን በጠረጴዛ ላይ አኑሮ ሲለማመድ እናቱ ከጓዳ ጠሩት። እርሱም ገመዱን ሳይነቅል በችኮላ ተነሣ። ገመዱ ተወጠረ፤ መሰኪያው በቀዳዳይቱ ውስጥ ወደ ጎን ተጣመመ፤ ሣጥኒቱም ከጠረጴዛው ወደ መሬት ወደቀች። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

ልጁ ሣጥኒቱን አንሥቶ አገላብጦ አያት። ስብራት የለባትም። ነገር ግን ጊታሩን ቢመታ ድምፅ የለም፤ ቀይዋም መብራት አትበራም። ገመዱን ነካ ሲያደርገው መብራቷ ብልጭ ትልና፥ ዘይት በጋለ መጥበሻ ላይ ሲፈስ የሚሰማውን የመሰለ ጩኸት አሰምታ ትጠፋለች።

በማግሥቱ ጧት ነገሩን ለአንድ የትምህርት ቤት ጓደኛው አወራው። ጓደኛውም፥ «ከላይ ምንም አልታየባትም። በከረጢቷ ውስጥ ከተህ መልሳት። ቅዳሜ ስትቆምበት ዕቃው አርጅቶ ነው ይላል፤ አንተን ማን ይጠረጥርሃል?» ብሎ መከረው።

ምክሩ ቀላል ነበር። ልጁ ግን በልቡ ሌላ ነገር አየ። ድንኳን ተተክሎ፥ ሕዝብ ተሰብስቦ፥ ሙሽሮቹ ሲገቡ የወዳጁ ጊታር ዝም ሲል ታየው። የሰርጉ ባለቤቶች ገንዘቡን ቢከለክሉት፥ ወይም ሁለተኛ ባይጠሩት፥ ጕዳቱ የሚደርሰው በእናቲቱና በሁለቱ እኅቶች ላይ ነው። ስለዚህ የጓደኛውን ምክር ትቶ፥ ለደብተር መግዣ ያጠራቀማትን ጥቂት ብር ይዞ፥ ራዲዮና ቴሌቪዥን ወደሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ሱቅ ሄደ።

፫ ሳይከፍቱ መመርመር

ልጁ እንደ ደረሰ፥ «ጋሼ፥ ይህች ሣጥን ተበላሽታብኛለች፤ እባክዎ ቶሎ ይክፈቱልኝ» አላቸው።

ሽማግሌውም፥ «ልጄ፥ ሐኪም በሽተኛውን ሳይጠይቅ ሆዱን ይቀድዳልን? መጀመሪያ የሆነውን ሁሉ ንገረኝ» አሉት። ልጁም ገመዱ እንደ ተወጠረና ሣጥኒቱ እንደ ወደቀች ሳይደብቅ ነገራቸው። እርሳቸውም፥ «እውነቱን በመናገርህ የአንድ ሰዓት ድካም አቃለልህልኝ። የወደቀ ዕቃና ያረጀ ዕቃ በሽታቸው ልዩ ልዩ ነው» አሉት።

ከዚህ በኋላ አንድ በአንድ መረመሩ። በመጀመሪያ ገመዱን በሌላ ደኅና ገመድ ለወጡት፤ ጉድለቱ አልተለወጠም። ስለዚህ ጥፋቱ የገመዱ አይደለም። ሁለተኛ አዲስ ባትሪ ድንጋይ አገቡባት፤ መብራቷ አሁንም አልበራችም። ስለዚህ ጥፋቱ የባትሪው አይደለም። ሦስተኛ በመብራት ኃይል ከምትሠራበት ገመድ ጋራ አገናኟት፤ መብራቷ በደኅና በራች፥ ነገር ግን ከድምፅ ማጉያው የተሰማው የጊታር ድምፅ ሳይሆን እንደ ንብ መንጋ ያለ ጉምጉምታ ነበር። አራተኛ ድምፁ የሚወጣበትን ቀዳዳ ነቀነቁት፤ ምንም አልተለወጠም። በመጨረሻ ድምፁ የሚገባበትን ቀዳዳ መሰኪያ ወደ ጎን ጫን አደረጉት፤ ያን ጊዜ ጊታሩ ጮኸ። እጃቸውን ሲያነሡ ድምፁ ጠፋ።

ሽማግሌውም፥ «አየህን? ገና አንድ ብሎን ሳንፈታ በሽታው ያለበትን ቤት አገኘነው» አሉ።

፬ ድምፅ በገመድ ውስጥ እንዴት ይሄዳል?

ልጁ፥ «ጋሼ፥ መግቢያዋ ቢላላ መብራቷ ስለ ምን ትጠፋለች? የድምፅና የመብራት መንገድ አንድ ነውን?» ብሎ ጠየቃቸው። ጥያቄው መልካም ስለ ነበረ ሽማግሌው ሥራቸውን ትተው አስረዱት።

የኤሌክትሪክ ጊታር ክሮች የብረት ናቸው። ከክሮቹ በታች ማግኔት አለ፤ በማግኔቱም ዙሪያ ከጠጕር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ብዙ ሺህ ጊዜ ተጠምጥሟል። ክሩ ሲመታ ይንቀጠቀጣል፤ መንቀጥቀጡም የማግኔቱን ኃይል ስለሚያወዛውዘው በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይወለዳል። ማግኔት ሲንቀሳቀስ በሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር ማይክል ፋራዴይ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በ1831 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አሳይቷል። የዛሬው ጊታርና ኤሌክትሪክ የተገጠመለት ክራር የሚጮኹት በዚሁ ሕግ ነው። በአዲስ አበባ አይቤክስና ሮሃ በተባሉት ባንዶች የታወቀው ጊታረኛ ሰላም ሥዩም የተጫወተበት የኤሌክትሪክ ጊታርም በዚሁ መንገድ ይሠራል።

ከጊታሩ የሚወጣው ኤሌክትሪክ እጅግ ጥቂት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ ቮልት ያንሳል። ስለዚህ በመንገዱ ላይ ትንሽ ዝገት ወይም ትንሽ ስንጥቅ ቢያገኝ ይቋረጣል። ከባድ ሸክም የተሸከመ በሬ ትንሽ ጠጠር ረግጦ ያልፋል፤ ለጕንዳን ግን ያች ጠጠር ተራራ ናት።

ኤሌክትሪክ ደግሞ መመለሻ የሌለውን መንገድ አይሄድም። ስለዚህ የጊታር ገመድ መሰኪያ ሁለት ክፍል አለው። ሹሉ ጫፍ ድምፁን ይወስዳል፤ ከጥቁሩ ቀለበት በታች ያለው ረጅሙ ግንድ መመለሻ ይሆናል። ጥቁሩ ቀለበት ሁለቱ እንዳይገናኙ የሚለይ ድንበር ነው። በቀዳዳይቱ ውስጥም እነዚህን ክፍሎች የሚነኩ ቀጫጭን የብረት ምላሶች አሉ። ሙዚቀኞች መሰኪያውንም መግቢያውንም ጃክ እያሉ ይጠሯቸዋል።

ይህ መሰኪያ መጀመሪያ ለሙዚቃ የተሠራ አይደለም። በ1878 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ገደማ በአሜሪካ ለስልክ ማዞሪያ ቤት ተሠራ። የማዞሪያ ሠራተኞች የአንዱን ሰው ስልክ ከሌላው ለማገናኘት መሰኪያውን ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ያዛውሩ ነበር። ወደ ኢትዮጵያ ስልክ የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ነው፤ በ1894 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚረዝም መስመር መዘርጋት ተጀመረ። የማዞሪያው ሥራ ዛሬ በሌላ ዘዴ ተተክቷል፤ ውፍረቱ 6.35 ሚሊ ሜትር የሆነው መሰኪያ ግን በጊታር ላይ ጸንቶ ቀርቷል።

የመብራቷም ምሥጢር ይህ ነው። እንዲህ ባሉት ሣጥኖች መግቢያ ውስጥ ከሁለቱ ምላሶች ሌላ ሦስተኛ ምላስ ይጨመራል፤ የባትሪውም አንድ ጫፍ ከእርሱ ጋራ ይታሰራል። መሰኪያው ሲገባ ረጅሙ ግንድ ሦስተኛውን ምላስ ከመመለሻው ምላስ ጋራ ያገናኘዋል፤ ያን ጊዜ ባትሪው ይሠራል። መሰኪያው ሲነቀል ባትሪው ያርፋል። ስለዚህ የመመለሻው ምላስ ከቦታው ቢላቀቅ ድምፁም ባትሪውም ባንድ ጊዜ መንገድ ያጣሉ። በመብራት ኃይል ሲሆን ግን ኃይሉ በሌላ በር ስለሚገባ መብራቷ ትበራለች፤ ድምፁ ብቻ ይጠፋል።

ከዚህ አንድ ሌላ ትምህርት ይገኛል። ልምምዱን ጨርሶ መሰኪያውን ሳይነቅል የሚተኛ ሰው ባትሪው ሌሊቱን ሙሉ ሲያልቅ ያድራል። በማግሥቱም፥ «ባትሪው የማይረባ ነው» ብሎ ነጋዴውን ይወቅሳል።

፭ ጥገናው

ሽማግሌው አስቀድመው ባትሪውን አወጡ፥ የመብራቱንም ገመድ ነቀሉ። ከዚያ በኋላ በካቻቢቴ አራቱን ብሎኖች ፈትተው በቆርቆሮ ክዳን ውስጥ እንደ ቅደም ተከተላቸው አኖሯቸው። «ብሎን የጠፋበት ጠጋኝ ጠግኖ አልጨረሰም» ይሉ ነበር።

ክዳኑ ሲነሣ ቀጫጭን የመዳብ መንገዶች የታተሙበት ሰሌዳ ታየ። የመግቢያዋ ሦስት እግሮች በሰሌዳው ቀዳዳ አልፈው ተበይደዋል። ሽማግሌው አጕሊ መነጽር ለልጁ ሰጥተው፥ «ሦስቱን እግሮች አስተያይ» አሉት። ልጁ አየ። በሁለቱ እግሮች ዙሪያ ብየዳው ያብረቀርቃል፤ በሦስተኛው እግር ዙሪያ ግን እንደ ቀለበት የዞረች ቀጭን ጥቁር ስንጥቅ አለች። በመለኪያ መሣሪያ አንዱን ጫፍ በእግሩ፥ ሌላውን ጫፍ በመዳቡ መንገድ ላይ ቢያደርጉ መሣሪያው ዝም አለ። እግሩን ጫን ሲያደርጉት ጮኸ። አሁን ጥርጣሬ ቀረ፤ የተላቀቀው የመመለሻው እግር ነው።

ከዚያ ሽማግሌው መግቢያዋን ከሣጥኑ ግድግዳ ጋራ የሚያስረውን ዳዶ በጣታቸው ነኩት። ያለ ቁልፍ በቀላሉ ዞረ። በዚህ ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁና እንዲህ አሉ፦

«ልጄ፥ የጥፋቱ ሥር ይህ ነው። ዳዶው ጠብቆ ቢሆን ኖሮ፥ ገመዱ ሲወጠር ኃይሉን የሚሸከመው የሣጥኑ ግድግዳ ነበር። ዳዶው ስለ ላላ ግን ኃይሉ ሁሉ በዚህች ጠብታ ብየዳ ላይ ወደቀ። ብየዳ ኤሌክትሪክ ለማሳለፍ የተሠራ ለስላሳ ነገር ነው፤ ሸክም ለመሸከም አልተሠራም። የድንኳን ካስማ ሲላላ ነፋሱ ሸራውን ይቀድዳል፤ ሰው ግን ሸራውን ይወቅሳል።»

ከዚህ በኋላ የመበየጃው ብረት ከ300 ዲግሪ በላይ እስኪግል ድረስ ጠበቁ። መስኮቱንም ከፈቱ፤ የብየዳ ጢስ ለሳንባ አይበጅምና። መበየጃው ሽቦ ከቆርቆሮና ከእርሳስ የተቀላቀለ ነው። የዚህ ድብልቅ ነገር የሚያስገርም ነው። ቆርቆሮ ለብቻው የሚቀልጠው በ232 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ እርሳስ ለብቻው በ327 ዲግሪ ይቀልጣል። 63 እጅ ቆርቆሮና 37 እጅ እርሳስ ሲቀላቀሉ ግን በ183 ዲግሪ ይቀልጣሉ። ሁለቱ ለየብቻቸው ከሚጠይቁት ያነሰ እሳት ይበቃቸዋል። በሽቦው ውስጥ ከጥድ ዓይነት ዛፍ የተገኘ ሙጫ አለ፤ ሙጫው ሲግል የብረቱን ገጽ ከዝገት ያጠራዋል፥ ብየዳውም እንዲጣበቅ ያደርጋል።

ሽማግሌው መጀመሪያ አሮጌውን ብየዳ አቀለጡና በተጐነጐነ የመዳብ ሽቦ አስመጠጡት። ልጁ፥ «በስንጥቁ ላይ ጥቂት ብየዳ ቢጨምሩበት አይበቃምን?» አላቸው። እርሳቸውም፥ «በቆሸሸ ቍስል ላይ ጨርቅ መጠቅለል ቍስሉን መደበቅ እንጂ ማዳን አይደለም» ብለው መለሱለት። ከዚያም እግሩንና መዳቡን በአልኮል ጠረጉ። በዚህ ጊዜ ከእግሩ በታች ያለችው የመዳብ ቀለበት በአንድ ጠርዟ ከሰሌዳው ጥቂት ተነሥታ አዩአት። በጥንቃቄ ወደ ቦታዋ መለሷት።

ቀጥሎም የጋለውን ብረት እግሩንና መዳቡን ባንድነት እንዲነካ አድርገው ሁለት ሦስት ሴኮንድ ቆዩ። መበየጃውን ሽቦ ያስነኩት ብረቱን ሳይሆን የጋለውን እግር ነው። ስለ ምን ቢሉ፥ ብየዳ በቀዝቃዛ ነገር ላይ ቢንጠባጠብ ከላይ ተጣበቀ ይመስላል እንጂ ውስጡ አይያያዝም። ሽቦው ቀልጦ እንደ ውሃ በእግሩ ዙሪያ ዞረ። ሽማግሌውም ሽቦውን፥ ቀጥሎ ብረቱን አነሡ፤ እስኪጠነክርም ድረስ ማንም ሰሌዳውን እንዳይነካ ከለከሉ። ብየዳው ሲጠነክር ያበራ ነበር።

በመጨረሻ የምላሶቹን ገጽ አጸዱ፤ ከዳዶው ሥር ሮንዴላ አግብተው በቁልፍ አጠበቁት። «እስኪጠብቅ እንጂ እስኪሰበር አይደለም» አሉ። ብሎኖቹን መልሰው መሰኪያውን ሲያስገቡ ቀይዋ መብራት በራች፤ ጊታሩም ጥርት ብሎ ጮኸ። መሰኪያውን ቢነቀንቁት ድምፁ አልተቋረጠም። ከዚያ በኋላ ሁለቱም እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ፤ እርሳስ ወደ አፍ ከገባ መርዝ ነው። ሕፃናትም የጋለውን ብረት ያለ ታላቅ ሰው ሊነኩት አይገባም።

፮ ከጥገናው የከበደው ነገር

ልጁ ደስ አለው፤ ገንዘቡንም ከፈለ። ነገር ግን ሊወጣ ሲል በደጃፉ ቆመና፥ «ጋሼ፥ አሁን ሣጥኒቱ ድናለች። ለወዳጄ ምንም ሳልነግር ብመልሳትስ? ከእንግዲህ ምን ይጐዳዋል?» ብሎ ጠየቃቸው።

ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና እንዲህ አሉት፦ «ስለ ሁለት ነገር ልትነግረው ይገባሃል። አንደኛ፥ ያች የመዳብ ቀለበት ከቦታዋ ተነሥታ ነበር። ብየዳዬ ይዟታል፤ ዳሩ ግን እንደ ቀድሞዋ አይደለችም። ሌላ ብርቱ ውጥረት ቢያገኛት ልትላቀቅ ትችላለች። ወዳጅህ ይህን ካወቀ ይጠነቀቃል፤ ወደ ሰርግም ሲሄድ ቢቸግር ጊታሩን በቀጥታ ከድምፅ ማጉያው ጋራ ለማገናኘት ተዘጋጅቶ ይሄዳል። ካላወቀ ግን በሕዝብ ፊት ያፍራል። ሁለተኛ፥ አንድ ቀን ብትበላሽበት ጠጋኙ በሽታው የት እንደ ሆነ ሲፈልግ ይውላል፤ የፍለጋውንም ዋጋ ወዳጅህ ይከፍላል። ዝም ብትል ዕዳው አልጠፋም፤ ከአንተ ጫንቃ ወደ እርሱ ጫንቃ ተዛወረ እንጂ።»

ልጁ መልስ አላገኘም። ዓርብ ማታ ወደ ወዳጁ ቤት ሄዶ ሣጥኒቱን በጠረጴዛው ላይ አኖረና፥ «ወንድሜ፥ በችኮላዬ ጥዬ አበላሽቼብህ ነበር። አስጠግኛታለሁ፤ ነገር ግን ልታውቀው የሚገባህ ነገር አለ» ብሎ የሆነውን ሁሉ፥ ስለ መዳቧም ቀለበት ሳይቀር ነገረው።

ታላቁ ፊቱ ጠቆረ። ብዙ ጊዜም ዝም አለ። «ነገ ሰርግ እንዳለብኝ እያወቅህ!» ብሎ ተቈጣው፤ ልጁም አንገቱን ደፍቶ ቍጣውን ተቀበለ። ታላቁ ሣጥኒቱን ከጊታሩ ጋራ አገናኝቶ ደጋግሞ ሞከራት። ከዚያ በኋላ እጁን ወደ ዳዶው ሰደደና ጠብቆ አገኘው። ያን ጊዜ ቍጣው በረደ፤ እንዲህም አለ፦ «ይህ ዳዶ ከላላ ቈይቷል። በላላ ቍጥር በጣቴ እያዞርሁ አልፈው ነበር እንጂ አንድ ቀን እንኳ በቁልፍ አላጠበቅሁትም። የጣልሃት አንተ ነህ፤ ለመውደቋ ያዘጋጀኋት ግን እኔ ነኝ።»

ይሁን እንጂ ሣጥኒቱን እስከ አንድ ወር ድረስ አላዋሰውም። ልጁም አላጕረመረመም። እውነት መናገር ቅጣትን ሁሉ እንደማያስቀር ዐወቀ።

በማግሥቱ በሰርጉ ቤት ታላቁ ሽማግሌው በልጁ በኩል የላኩለትን ምክር ፈጸመ። ገመዱን በቀጥታ ከጊታሩ አላንጠለጠለውም፤ መጀመሪያ በጊታሩ ማንገቻ ውስጥ አሳልፎ ሰካው። ወደ ሣጥኒቱ የሚገባውንም ጫፍ ከሣጥኒቱ ማስቀመጫ እግር ጋራ በልል አሰረው። በጭፈራው መካከል አንድ ሰው ገመዱን ረገጠ። ገመዱ ተወጠረ፤ ውጥረቱን ግን ማንገቻውና ማሰሪያው ተሸከሙት። መሰኪያው ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ጊታሩም አላቋረጠም። ጭፈራው እስከ ማታ ቈየ።

ወሩ ሲፈጸም ታላቁ ራሱ ሣጥኒቱን ይዞ ወደ ልጁ ቤት መጣና፥ «እንካ፤ ስትጨርስ መሰኪያውን ንቀል» ብሎ ሰጠው። ልጁም ከመቀመጡ በፊት ዳዶውን በቁልፍ ፈተነው።

፯ ከዚህ ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

አንደኛ፥ ዕቃ ሲበላሽ ከመክፈት በፊት መመርመር ይገባል። አንዱን ነገር ብቻ እየለወጡ የሚመረምሩ ሰዎች ጥፋቱን ያገኙታል፤ ሁሉን ባንድ ጊዜ የሚነካኩ ግን ሌላ ጥፋት ይጨምራሉ።

ሁለተኛ፥ የሚታየው ስብራትና የስብራቱ ሥር ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። የተሰነጠቀው ብየዳው ነው፤ ያሰነጠቀው ግን የላላው ዳዶ ነው። ብየዳውን ጠግኖ ዳዶውን የተወ ሰው በሌላ ቀን ተመልሶ ይጠግናል።

ሦስተኛ፥ ትንሽ ሥራ በጊዜዋ ብትሠራ ትልቅ ድካም ታስቀራለች። ዳዶውን በቁልፍ ለማጥበቅ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም ነበር።

አራተኛ፥ የሰውን ዕቃ ያበላሸ ሰው ዕቃውን መጠገን አለበት፤ መጠገኑ ግን እውነቱን ከመናገር ነጻ አያወጣውም። ጥገናው የዕቃው መድኃኒት ነው፤ እውነቱ የወዳጅነቱ መድኃኒት ነው።

ጥያቄ

1. ሽማግሌው ብሎን ሳይፈቱ ጥፋቱ በመግቢያዋ እንደ ሆነ በምን ዐወቁ?
2. መሰኪያውን ሳይነቅሉ ማደር ባትሪውን ስለ ምን ይጨርሰዋል?
3. ቆርቆሮና እርሳስ ሲቀላቀሉ በስንት ዲግሪ ይቀልጣሉ? ለየብቻቸውስ?
4. ዳዶው ጠብቆ ቢሆን የገመዱን ውጥረት የሚሸከመው ምን ነበር?
5. ሣጥኒቱ ከዳነች በኋላ ልጁ እውነቱን መናገር ስለ ምን አስፈለገው? በራስህ ቃል መልስ።